ሳይጠይቅ የሚቀዳ

ልጄ ከጓደኛዋ ጋር የሠራችው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ይፋ የሆነበት ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔ የተመደብኩት መብራት ላይ ነው። አዳራሹ ያለው መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ሲሆን መብራት እዚያ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ ከሱቄ ትንሿን ጄኔሬተር ጭኜ ሄድኩና ከአዳራሹ ጀርባ አስቀምጬ ገመዱን በመስኮት አስገባሁ። ከዚያ በላይ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ ለመድኩት። በኮድ ግን ልጄ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ጥላኝ ሄዳለች።

የሠሩትን ነገር ለማያውቅ ሰው በቀላሉ ላስረዳ። ፕሮግራመር ኮዱን የሚጽፍበት የራሱ መሣሪያ አለው። አዲሶቹ መሣሪያዎች ከሰውዬው ጋር አብረው ያነባሉ፤ ስሕተቱን ያሳዩታል፣ የሚቀጥለውንም መስመር ራሳቸው ይጽፉለታል። አብዛኞቹ ግን ኢንተርኔት ከሌለ ዱዳ ናቸው። የልጄ መሣሪያ ሁሉን ነገር እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሚጨርስ ኢንተርኔት ቢቋረጥ አይሰማውም። ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችው መቀሌ የኖረ ሰው አይጠይቅም።

በጦርነቱ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም በተዘጋበት ጊዜ እሷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ትምህርት ስለቆመ መብራት በመጣ ቁጥር ሱቄ እየመጣች ትሠራ ነበር። ያኔ በሱቁ አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር። ኮምፒውተራችን ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ፣ የኛም ይሁን የደንበኛ፣ ሥራችን ይቀዳበታል። አይጠየቅም። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ወይም ሱቁ ነገ ባይኖር፣ ሥራው የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል። ደንበኞቹም ያውቁ ነበር። ቁሓ የሚኖር አንድ ፎቶ አንሺ የሰፈሩን የሰርግ ፎቶ በሙሉ እኛ ጋ አስቀምጦ፣ የልጄን ኮድ በፍላሹ ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። አንዳችን የሌላችን ሣጥን ነበርን። ደንቡ ለዚያ ጊዜ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማምነው።

ልጄ ይህን ልማድ መሣሪያዋ ውስጥ አስገባችው። ፍላሽ ሲሰካ የተከፈተው ሥራ በጸጥታ ይቀዳበታል። ጓደኛዋ ከሐዋሳ ለትምህርት መጥቶ፣ ያን ጊዜ መውጫ አጥቶ እኛ ቤት የከረመ ልጅ ነው፤ እሱም ነገሩን እንደ እንጀራ ለምዶታል። መሣሪያውን ወራት ሙሉ የሞከሩላቸው የከተማችን ፕሮግራመሮችም አንድ ቃል አልተናገሩም። ሰው በቤቱ ውስጥ የለመደውን ነገር ነገር ነው ብሎ አይቆጥረውም።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወንበር ስንደረድር የሐዋሳው ልጅ የለበስኩትን ኮት አይቶ፣ “አባባ፣ ዛሬ ሚኒስትር መስለዋል” አለኝ።

“አንተም ፀጉርህን ብትቆረጥ ሰው ትመስል ነበር።”

“ኮዱን የሚጽፈው እኮ ይሄ ፀጉር ነው።”

“ለዚህ ነዋ ኮድህ የሚንጨባረረው” አለችው ልጄ። እየሳቀች ነበር፤ እጇ ግን የላፕቶፑን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቁርስ አልበላችም። “ብዪ” ብላት “እሺ አቦይ” ብላ ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችው።

የምትጠብቀው ከአዲስ አበባ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። የአንድ ድርጅት ፕሮግራመሮች አለቃ ናት። መሣሪያውን ከወደደችው የድርጅቱ ፕሮግራመሮች በሙሉ በእሱ መሥራት ይጀምራሉ፤ ልጄና ጓደኛዋም እዚሁ መቀሌ ተቀምጠው ከሥራቸው ይኖራሉ። ካልወደደችው ሌላ የሚጠብቁት ሰው የለም፤ ሥራ ፍለጋ ወደየከተማው መበተናቸው ነው።

እንግዳዋ በሰዓቷ ደረሰች። አለባበሷ ቀላል፣ አነጋገሯ ትሑት ነው። ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጣ መሣሪያውን ራሷ ላፕቶፕ ላይ ጫነችና፣ “በናንተ ምሳሌ ሳይሆን በኛ ሥራ ልሞክረው” አለች። የደንበኞቻቸው ክፍያ የሚያልፍበትን የድርጅቷን ኮድ ከፈተች። መሣሪያው ትንሽ አሰበና አንድ መስመር በቀይ አሰመረ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ደግማ አየችው።

“ይሄን ስሕተት ሁለት ሳምንት ስንፈልገው ነበር” አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ልጄ ወደ ኋላ ዞራ ፈለገችኝ። እኔ መስኮቱ ሥር የጄኔሬተሩን ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። መብራቱ ያን ቀን አንዴም አልጠፋም።

ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት አስተማሪ ተነሣና መሣሪያውን እሱም መሞከር እንደሚፈልግ ተናገረ። እንግዳዋ ደስ ብሏት ስለነበር “ከኔ ላይ ውሰደው” አለችው። ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካ፣ የሚፈልገውን ቀዳ፣ አመስግኖ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ ሲያይ ፈገግ አለ።

“እኅቴ፣ የናንተም ሥራ አብሮ መጥቶልኛል። አይዞሽ፣ አስቀምጥላችኋለሁ።”

የከተማችን ሰዎች ሳቁ። ጥሩ ሳቅ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጨዋነት ነው፤ የሰው ሥራ ኪስህ ውስጥ ከገባ አደራ ነው። እንግዳዋ ግን አልሳቀችም።

“የኛ ኮድ እሱ ፍላሽ ላይ ምን ይሠራል?”

“ይቀዳል” አለች ልጄ። “እንዳይጠፋ ነው።”

“ማን ፈቅዶ?”

 ልጄን ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም። የሐዋሳው ልጅ ፈጥኖ፣ “አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጨመርበት፣ ዛሬውኑ እናስተካክለዋለን” አለ። አስተማሪው ደንግጦ ፍላሹን አምጥቶ እፊቷ አስቀመጠው።

 እኔ ከኋላ ሆኜ ስለ ሱቁ፣ ስለ ፍላሾቹ፣ ስለ ፎቶ አንሺው መናገር ጀመርኩ። አማርኛዬ ሲቸኩል ወደ ትግርኛ ያዘነብላል፤ እኔ ራሴ ሰማሁት። ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“አባቴ፣ ገብቶኛል። ከልቤ አዝናለሁ። ግን ያ ኮድ የኔ አይደለም። የሰው ነው።”

“አቦይ፣ ተቀመጥ” አለችኝ ልጄ በቀስታ። ተቀመጥኩ።

ፕሮግራሙ ቶሎ አለቀ። እንግዳዋን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና ስለዘገየ እኔ ላድርስዎ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ብቻዋን ላገኛት ፈልጌ ነው። የቁሓን መንገድ እስክንጨርስ ምን እንደምላት ሳሰላስል ነበር። ልጄ አታላይ እንዳልሆነች፣ የሰው ነገር እንዳትነካ ቀጥቼ እንዳሳደግኳት ልነግራት ነበር። በልቤ ስናገረው ግን ቃሉ በራሴ ላይ ዞረ። የሰው ነገር ሳይጠየቅ አይነካም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ያለችውም ይህንኑ ነው።

“ልጅዎ ጎበዝ ናት” አለችኝ በሩቅ አውሮፕላን ማረፊያው ሲታይ። “እንዲህ ያለ መሣሪያ አላየሁም። ግን ተመልሼ ያየሁትን መናገር አለብኝ። እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?”

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። እንዲታገሷቸው እለምን ነበር ብል ምናልባት ልቧ ይራራ ነበር።

“እንደ እርስዎ ነበር የማደርገው” አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። በሩ ላይ ስትወርድ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ያ አጨባበጥ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ስመለስ ሁለቱ ወንበር እየሰበሰቡ ነበር።

“ምን አለችህ?” አለች ልጄ።

ነገርኳት። የጠየቀችኝንም፣ የመለስኩትንም አልደበቅኩም። መዋሸት አላስተማርኳትም፤ እኔው ልጀምረው አልችልም።

ያነሣችውን ወንበር መልሳ አስቀመጠችው። “ትንሽ እንኳ አትከራከርልኝም ነበር?”

“እውነት አላት፣ ጓለይ።”

“እውነት እንዳላት እኔም አውቃለሁ። እኔ ያልኩህ እሱን አይደለም።”

የሐዋሳው ልጅ ወሬ ሊያስለውጥ፣ “አባባ፣ ጄኔሬተሯን ላሸክምዎት?” አለኝ። ተሸክመን ወጣን። ልጄ ውስጥ ቀረች።

ጥያቄውን በማግስቱ ጨመሩት። አሁን ፍላሽ ሲሰካ መሣሪያው ይቅዳ አይቅዳ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይነካም። ለሴትዮዋ ላኩላት። ከድርጅቱ የመጣው መልስ ጨዋ ነበር፤ ሥራውን አመስግኖ ለጊዜው እንደማይሆን ይናገራል። ልጄ ቆማ አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። ለሌሎች ድርጅቶች እንድትጽፍ መከርኳት። ወሬው ቀድሟት እንደሄደ ነገረችኝ። ታገሺ አልኳት። እሺ አለች። ሌላ ምክር ፈለግኩ፤ አጣሁ። ለሰው ሁሉ ልጅ የምሰጠው ምክር ግን ጎድሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የሐዋሳው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበተን መጣ። ባለቤቴ ስንቅ ቋጠረችለት፤ እኔ ፀጉርህን ተቆረጥ አልኩት፤ እሺ አባባ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ልጄ እስከ መናኸሪያው ሸኝታው ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ለአዲስ አበባ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ከትከሻዋ ኋላ ቆሜ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙራ በዝግታ፣ እንዲገባኝ እየደጋገመች አስረዳችኝ። አልገባኝም። ጥሩ ነው አልኳት።