የእህቴ ቀርከሃዎች

የእህቴን የለቅሶ ድንኳን ያቆሙት በራሷ ቀርከሃዎች ነበር። የእድር ሰዎች ጓሮ ተጋድመው ሲያገኟቸው ለአጥር የተቀመጡ መስሏቸው ነው። ድንኳኑን ተሸክመው አየኋቸው። ንዴቴ ከዚያ ጀመረ።

እነዚያ ቀርከሃዎች እንጅባራ ኳስ ሜዳ ሣሩ ላይ ነበር የሚዘረጉት። እህቴ የሴቶች ቡድኑን ልጆች በላያቸው ታዘልላቸው ነበር። የምታስተምራቸው መዝለሉን ሳይሆን ማረፉን ነው። ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ወደ ኋላ አድርጎ። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ድምፅ ሳታሰሙ ውረዱ ትላቸዋለች።

ይህን ያወቀችው በራሷ ጉልበት ነው። ለቡድኑ ስትጫወት ኳስ በጭንቅላቷ ልትመታ ዘለለች፣ እግሯን አድርቃ አረፈች። ማንም አልነካትም። ወጌሻ አሻት፤ ባሰባት። ባሕር ዳር ወስደን ስናሳያት የውስጥ ጅማቷ ተበጥሷል አሉን። እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ ነው አስተራረፍን መማር እንደሚቻል የነገራት። ደስ አላላትም። ተናደደች።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?" አለችው።

አሰልጣኙ ሥራዋን አልወደደውም። ኳስ ነው ወይስ እስክስታ የምታሠለጥኚው እያለ ልጆቹ ፊት ይስቅባት ነበር። ከልምምድ በፊት ጊዜ አይሰጣትም። ልጆቹ ደክመው፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ ያኔ ውሰጃቸው ይላታል። ግማሾቹ ይሄዳሉ። አጥቂዋ ሁልጊዜ ትሄዳለች፤ ቤቷ ራቅ ብሎ ጥርባ በኩል ነው፣ በእግሯ ነው የምትመለሰው። እህቴ ደግሞ ከሁሉም የምትፈራው ለእሷ ነበር። ስታርፍ ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቀጥላ የምትወድቀው እሷ ናት አለችኝ፣ ታማ ተኝታ እንኳ። የገደላት በሽታ ከጉልበቷ ጋር አይገናኝም። ስለ እሱ መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ ውስጥ አሰልጣኙ ተነሥቶ ተናገረ። ቀኝ እጄ ነበረች አለ። ልጆቻችንን ከጉዳት የጠበቀች አለ። ሰው አለቀሰ። እኔ እጁን ያሳረፈበትን ቀርከሃ አያለሁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ ቡድኑ ለቤተሰቡ የሚያደርገው ነገር ካለ ጠይቁን አለ። እንዲህ ሲባል እግዜር ይስጥልን ተብሎ ነው የሚታለፈው። አባቴም ይህንኑ ሊል ነበር።

"አለ" አልኩ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። "ከልምምድ በፊት... ልጆቹ ሳይደክሙ። እሷን የከለከሏትን ጊዜ ለእኔ ይስጡኝ።"

አሰልጣኙ ይህ የሐዘን ቦታ ነው፣ በኋላ እንነጋገራለን አለ። ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡት አጎቴ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ከዚያ በአማርኛ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ።

"ጠይቁ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ፣ ልጄ?"

እሺ አለ። ያ ሁሉ ሰው እያየው ሌላ ምን ይበል።

ድንኳኑ ሲፈርስ ቀርከሃዎቹን ተሸክሜ ሜዳ ሄድኩ። ማስተማር አላውቅም። ያለኝ እሷ ስትል የሰማሁት ብቻ ነው። ልጆቹ ከእኔ ይሻላሉ። ላሳያቸው ስዘል አንዷ፣ አንተማ እንደ በሬ ነው የምታርፈው ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅኩም። አጥቂዋ ዘለለች፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባ። ነገርኳት። ደግማ ዘለለች፤ ደግሞ ገባ። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋ። ልምምድ ልንጀምር ነው፣ እንጨትህን አንሣ አለኝ።

"አላነሣም" አልኩት። "ይቺ ልጅ በደንብ እስክታርፍ አላነሣም።"

እንደገና ነፋ። ልጆቹ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ ቆሙ። አጥቂዋ ግን ማንንም ሳታይ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ተንደርድራ ዘለለች። ጉልበቷ እንደታጠፈ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ አረፈች። ድምፅ አልሰማሁም።

ወደ አሰልጣኙ አልዞርኩም።

"ድገሚው" አልኳት።