ትርፌ በገሃነሙ ግድግዳ

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን፣ ኤርካሎ የሚባል ወላይታ ሠዓሊ የፍርድ ቀንን ይሥል ነበር። ያሠራው የአገሩ መልከኛ ባላምባራስ ጉልላት ነው። ደመወዙም ቃል ነበር፦ ሥዕሉ ሲያልቅ፣ በባላምባራስ ቤት በገባርነት እህል የምትፈጨው የኤርካሎ እኅት ትርፌ ትሰናበታለች።

ኤርካሎ ያየውን ሣለ። በክርስቶስ ቀኝ፣ ጻድቃን በሚቆሙበት፣ ወፍጮ ላይ የጎበጡ የወላይታ ሴቶችን አሰለፈ፤ ቀሚሳቸውን የሚያበራ ቢጫ፣ ከመጁ ሥር የሚፈሰውን ዱቄት ደም የመሰለ ቀይ አደረገው። ፊተኛዋ ትርፌ ነበረች፤ በሁለት ዓይኖቿ ተመልካቹን ትኩር ብላ ታያለች።

ባላምባራስ ሊያይ መጣ።

«አንተ ሠዓሊ፣ ይህች የኔ ፈጪ አይደለችም?»

«ናት፣ ጌታዬ።»

«ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማረህ የለም? ወደ ገሃነሙ አዙራት፤ አንድ ዓይን ይበቃታል። ያን ጊዜ ይዘሃት ትሄዳለህ።»

ኤርካሎ በባላምባራስ ጓሮ በር ገብቶ ለትርፌ ነገራት። መጇን ሳታቆም ሳቀች።

«ይሄ ነው ያስጨነቀህ? ሣላት እንጂ ወንድሜ! ግድግዳው ላይ ያለችው አትፈጭም፤ የምትፈጨው እኔ ነኝ።»

ከሰይጣን እግር ሥር፣ በጎን አዙሮ ሣላት።

ሥዕሉ አልቆ የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ካለፈ በኋላ ባላምባራስ በደጃፉ ችሎት ሲያስችል ኤርካሎ ቀርቦ እኅቱን ጠየቀ።

«የትኛዋን?» አለ ባላምባራስ አብረውት ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎችና ወደ ደብሩ ካህን ዞሮ። «እህሌን የሰረቀችኝን? እስከ ዛሬ ምስክር አጥቼ ዝም ብዬ ነበር። አሁን የገዛ ወንድሟ፣ በታቦት ፊት፣ ኃጥእ መሆኗን በእጁ መስክሮባታል። ካህኑ ይናገሩ፤ በአንድ ዓይን አልሣላትም?»

«በአንድ ዓይን ነው፤» አሉ ካህኑ።

ሐሰት አልተናገሩም። በደላቸውም ይኸው ነው።

ትእዛዙ ከማን እንደ ነበር ከዚያ ችሎት የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው በጭራው ዝንብ ሳይኖር ዝንብ አባረረ። ከዚያም ትርፌ ዕድሜ ልኳን እንድትፈጭ፣ ሁሉም በየተራው ፈረደ።

ኤርካሎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ወንድ ልጅ ወፍጮ ፊት መንበርከኩ ነውር በሆነበት አገር፣ በቀጥታ ወደ ባላምባራስ ማድቤት ገብቶ ከእኅቱ አጠገብ ተንበረከከ።

«ተነሥ፣ ሰው ያይሃል!» አለችው በድንጋጤ።

«ይየኝ» አለና መጁን ከእጇ ተቀበለ።

አሽከሮቹ በሩ ላይ ተጋፍተው ቆሙ። «እሜቴ ሠዓሊ፣ አልመው ይፍጩ!» እያሉ በሳቅ ፈነዱ። ኤርካሎ ቀና አላለም። ትርፌ ጥቂት አየችው፤ ከዚያም ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ፣ ሳቁ ሳያባራ እንቅልፍ ወሰዳት።