የቀን እናታችን ጉንቮር

ይህን የቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር እዩት። ባዶ ነው። የጉንቮር አስከሬን ሣጥን እፊቱ ተቀምጧል፤ እኛ ያሳደገችን ጎልማሶች ግን ሁላችን ከኋላ፣ በሩ ሥር ተፋፍገናል። ለምን? የፊት ወንበር የሥጋ ዘመድ ነዋ! ጉንቮር ደግሞ አልወለደችም። ማንም እንደሌላት ሴት ልትቀበር ነው።

ወላጆቻችን ወረቀት ፋብሪካ ፈረቃ ሲገቡ እሷ ቤት ትተውን ይሄዱ ነበር። እንዲህ ያለችውን ሴት እኛ ስዊድኖች ዳግማማ እንላታለን፤ «ቀን» እና «እናት» ተጣብቀው አንድ ቃል ሆነዋል። ጉንቮር ቃል ማጣበቅ ነፍሷ ነበር። እርጥብ ጓንቶቻችን ማሞቂያው ላይ እየደረቁ፣ ገንፎው እስኪበስል ታጫውተናለች።

«ድስት» ትላለች።

«ገንፎድስት!» እንላለን እኛ፣ በየተራ ቃል እየጨመርን።

«ገንፎድስትክዳን!»

«ገንፎድስትክዳንሌባ!» ይላል ቶርቢዮርን።

«ሌባውስ አንተ! ጣትህን ከድስቱ አውጣ!»

በሳቅ ስንፈርስ ጭማቂው በአፍንጫችን ይወጣል። ምነው ያን ማድ ቤት መልሶ ባሳየኝ! ኋላ ላይ አዋቂ ነን ባዮች «ሕፃን በዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ይደግ» ብለው ቤቷን ጭር አደረጉት። እኛም አደግንና ረሳናት።

ቶርቢዮርን አሁን መላጣ አናጢ ነው። ጎኔ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል።

«ና፣ ፊት እንቀመጥ» አልኩት።

«ሊሴሎት፣ አብደሻል? ሰው ምን ይላል?»

«እናታችን አይደለችም እንዴ?»

«የቀን እናት ነበረች።»

«ገንፎድስት ድስት ከሆነ፣ የቀን እናትም እናት ናት!»

«ቃል ሌላ፣ ወንበር ሌላ። ዝም በይ፣ ሰው እያየን ነው።»

ሰው እያየን ነው! ይቺ ፍርሃት ናት አገራችንን ያቀዘቀዘችው። ትቼው ብቻዬን ሄድኩና ፊት ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሰፊ፣ እኔ አንዲት። ኦርጋኑ ሲጀምር ከኋላዬ ከባድ ጫማ ሰማሁ።

«ጠጋ በይ፣ አንቺ ግትር» አለኝ ቶርቢዮርን፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ፤ ወንበሩ ሞልቶ ሁለተኛው ረድፍም ሞላ።

ጉንቮር ግን ይህን አላየችም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እናንተ፣ ያሳደገቻችሁ ሴት በሕይወት ካለች፣ እባካችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ አትያዙ፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በሯን አንኳኩ።