እትዬ በላይነሽ ያለበሱት ጃኬት

ዛሬ እትዬ በላይነሽ እዚህ ስደት አገር፣ ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈራችን ባለው ምግብ ቤታቸው ሁለት የሞተረኛ ክለቦችን ሊያጫርሱ ነበር!

ሰዎቹ ከአየርላንድ በሞተር የመጡ ጢማሞች ናቸው። ሁለት ክለብ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሰላምታ የለም። አንዱን ብጠይቀው፣ ድሮ አንድ ነበሩ አሉ፤ ሊቀመንበር ሲመርጡ ተጣልተው ተከፈሉ።

እትዬ ዝናብ ያራሰውን የቆዳ ጃኬታቸውን ሁሉ ሰብስበው ወጥ ቤት አሰጡት። መቼም እሳቸው እንግዳ ሳያለብሱ አይሸኙም። ሰዎቹ ሊሄዱ ሲነሱ ከመካከላቸው ግዙፉን ሰውዬ የባላንጣውን ክለብ ሰው ጃኬት አለበሱት።

የሁሉም ዓይን ጃኬቱ ጀርባ ላይ አረፈ። የሌላ ክለብ አርማ በጀርባ መሸከም እነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

እኔ በሩን አየሁ። እትዬ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርገው በአማርኛ "ልክህ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉት።

ያ ሁሉ ጡንቻ ጃኬቱን ለማውለቅ እሳቸውን ፈራ። መጀመሪያ የጃኬቱ ባለቤት ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም።

ከሄዱ በኋላ "በሊቀመንበር ሰላምታ መከልከል ምን የሚሉት ልጅነት ነው?" ብዬ ስስቅ፣ እትዬ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተስ እድራችን ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ጓደኛህን ተፈራን ሰላም ብለኸው ታውቃለህ?"

ሻዬን ጠጣሁ።

እናንተስ ማንን ነው ሰላም ማለት ያቆማችሁት? እዚሁ ጻፉልኝ። ጃኬት የሚያቀያይሩን እትዬ አሉልን።