ጣርማ በርን የምትወጣ መኪና

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና ይሸጣል ከተባለ፣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜዋን ወይም ቀለሟን አይደለም። «ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ ትወጣለች?» ይላል፤ ከቆላው ወደ ደጋ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ማለቱ ነው። ሽማግሌውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው የማሾ ነጋዴም ይህንኑ ይጠይቃል። አብዱልወሃብም ለእንጨት መሰንጠቂያ ማሽኑ ጎታች ሲፈልግ ልቡ የተንጠለጠለው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነበር።

አብዱልወሃብ የቀወት ቆላ ገበሬ ልጅ ነው። ልጅነቱን የጨረሰው ማሽላ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ሲያባርር ነው። ጎረምሳ ሳለ ዝናቡ ቀረ፤ ማሽላውም ሳያፈራ በአገዳው ደረቀ። ያኔ እንደ እኩዮቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ደጋ ወጣ። ከጣርማ በር ማዶ፣ ጭጋጉ ሰውን ከነበቅሎው በሚውጥበት አገር፣ ፀጋዬ የሚባል ጣውላ ሰንጣቂ አገኘው። ፀጋዬ በሁለት ሰው የሚሳብ ረጅም መጋዝ ነበረው፤ ያጣው ከታች ሆኖ የሚስብለትን ሰው ነበር።

የዚያን ዘመን ሥራ ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ግንዱ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይጋደማል፤ በከሰል በታሸ ገመድ ይሰመራል። አንዱ ግንዱ ላይ ቆሞ መጋዙን ወደ ላይ ይስባል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ወደ ታች ይጎትታል። የላዩ መስመሩን ይጠብቃል፤ የታቹ ሰጋቱራውን ይቅማል። የሁለቱ ትንፋሽ ካልገጠመ መጋዙ ይጣመማል፤ ጣውላውም ይበላሻል። ስለዚህ የተኳረፉ ሰዎች አብረው አይሰነጥቁም፤ ወይ ይታረቃሉ፣ ወይ መጋዙን ይሰቅሉታል። ሁለቱ ብዙ ዘመን ስለሰነጠቁ አንዱ ሌላውን በስሙ መጥራት ተወ። «ላዩ!» «አቤት ታቹ!» ሆነ ወጉ። ረመዳን ሲገባ ፀጋዬ ውሃውን ከግንዱ ጀርባ ዞር ብሎ ይጠጣ ነበር። በሁዳዴም አብዱልወሃብ ወተቱን ፊቱ አያወጣም።

ዝናብ ሥራ በሚያስፈታበት ወቅት በፀጋዬ መሬት ጠርዝ ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉ። አብዱልወሃብ የችግኙን ሥር አፈር እየጠቀጠቀ፣ «ይህ ሲደርስ የምሰነጥቀው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳታስነካብኝ!» አለ።

«አንተ ቆለኛ፣ ሙቀቱ ከጠራህ ተመልሰህ የምትመጣ ይመስልሃል?» ብሎ ፀጋዬ ሳቀበት።

ሳቁ እውነት ሆኖ ቀረ። ቆላው ጠራው። አብዱልወሃብ ዘምዘምን አገባ፤ ሂዳያን ወለደ፤ ከአስፋልቱ ዳር በሞተር የሚሠራ መሰንጠቂያ ተከለ። ግንዱ በአይሱዙ ከደጋ እየወረደ እደጁ ይራገፋል፤ የደጋ ሰው ግን አብሮ አይራገፍም። እርጥብ ባሕር ዛፍ የተሰነጠቀ ቀን፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቆ እፍኝ ሰጋቱራ ያነሳና ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ከዚያ ሽታ ውስጥ ብርዱ፣ የገብስ ቆሎው፣ ከላይ የሚወርደው የፀጋዬ እንጉርጉሮ ይመጣል። እዚህ ግን ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ ባጃጁ ይጮሃል።

ባለፈው በጋ ማብቂያ ላይ ፀጋዬ ስልክ ደወለ።

«ታቹ፣ ዛፉ ደርሷል። ልጄ ኤፍሬም ቤት ሊሠራበት ነው። ሰንጣቂ ሞልቷል፤ እኔ ግን ባለቤት አለው ብዬ መለስኳቸው።»

«እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ።»

«ክረምቱ ሳይገባ ና። ግንዱ ላይ መቆም እንኳ ቀርቶብኛል፤ ልቤን ያፍነኛል። አጠገቡ ልቁም እንጂ። ስትሰነጥቀው ልይ።»

አብዱልወሃብ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ከጆሮው አላወረደውም። ዘምዘም ሁኔታውን ስታይ ቆይታ፣ «የሂዳያ አባት፣ እንደ ሌላው ሰው ግንዱን ወደዚህ ቢልከውስ?» አለችው።

«ግንዱንማ ይልከዋል። ራሱን ግን ማን ይልከዋል?»

ማሽኑ ከነሞተሩ ከባድ ብረት ነው። ወደ ፀጋዬ መንደር የሚገባው የጠጠር መንገድ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከባድ መኪና አያስገባም። ስለዚህ ማሽኑን ተሳቢ ላይ አስሮ በቫን መጎተት ነው የሚበጀው ተባለ። የዘምዘም ታናሽ ወንድም ሱፍዋን ሾፌር ነውና፣ አማቹን ይዞ መኪና ሊያይ ወጣ።

ሁለት ቫን አዩ። አንደኛው ሷሊሕ የሚባል ሰው፣ የእህል ወፍጮ ከገበያ ገበያ የሚያዘዋውርበት፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ነው። ሻንሲው ወፍራም ነው፤ ተሳቢውም አራት ጎማና የራሱ ፍሬን አለው።

«ይቺን ይዘን ጣርማ በር? ጋሼ፣ ይቺ እኮ ስትወጣ ተሳፋሪው ወርዶ በእልልታ ካላጀባት አትሄድም» አለ ሱፍዋን።

ሷሊሕ አልተቆጣም። «ቀርፋፋ ናት፤ አልዋሽም። ነገር ግን የያዘችውን አትለቅም» አለ።

ሁለተኛው ነጭ ነው። ሞተሩ ጉልበተኛ፣ አካሉ ቀላል፣ መቀመጫው ገና ላስቲኩ ያልተላጠ። ሱፍዋን ባዶውን ወስዶ ዳገቱን ሞከረና ፊቱ እየበራ ተመለሰ። «በሦስተኛ ማርሽ፣ ጋሼ! በሦስተኛ!»

አብዱልወሃብ ነጩን ቫን ገዝቶ ቀለል ያለ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሠራለት። በያጁ፣ «ፍሬን ልግጠምለት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ተወው፤ ብረቱ በበዛ ቁጥር ዳገቱ ላይ ይከብዳታል» ብሎ መለሰ። ከተማው ሁሉ ልክ ነህ አለው። በመነሻው ዋዜማ ከሰዓት ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ለዱአ ተቀመጠ። የሰፈሩ አባት ሼህ አሊዪ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያ ረቢ፣ ዳገቱን አግራላቸው!» አሉ። ሁሉም «አሚን!» አለ።

ዳገቱ በእውነት ገራ። ነጯ ቫን ማሽኑን እንደ ገለባ ከረጢት እየጎተተች ደብረ ሲናን አለፈች፤ ጠመዝማዛውን ወጥታ ዋሻው ውስጥ ገባች። በወዲያኛው አፍ ስትወጣ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ሱፍዋን ሊዘጋው እጁን ሲሰድ አብዱልወሃብ ያዘው። «ተወው» አለ። ማዶ ያለው ገብስ፣ የድንጋዩ ካብ፣ ዳር ዳር የተቀመጡት ቆሎ ሻጮች ሁሉ ሳያረጁ የጠበቁት መሰለው።

ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ መንደሩ የሚያወርደውን ጠጠር ጀመሩት። ጥቂት እንደወረዱ ሱፍዋን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ፍሬን ረገጠ፤ ማርሽ ቀነሰ፤ እንደገና ረገጠ። መኪናዋ ትቆማለች፤ ተሳቢው ግን አይቆምም።

«ጋሼ፣ እየገፋን ነው!»

የጋለ ፍሬን ሸተተ። ተሳቢው ወደ ጎን ተወርውሮ የቫኗን ጭራ ወደ ገደሉ አዞረው። ሱፍዋን መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ተራራው ሲጠመዝዝ፣ የቫኗ አፍንጫ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተላትሞ መኪናዋ ቆመች። ሁለቱም ዘለው ወርደው ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወተፉ። 

ከታች መንደሩ ይታያል። ከመንደሩ ጠርዝ የባሕር ዛፉ ረድፍ እንደ ጠቆረ መጋረጃ ቆሟል። ከፊቱ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው አለ።

«ቀስ ብለን ብንወርድስ?» አለ አብዱልወሃብ።

«እስካሁንስ በግልቢያ ነበር እንዴ? ጋሼ፣ ይተዉት። እኔ እህቴን ምን ብዬ አያታለሁ?»

አብዱልወሃብ ጋቢ የለበሰውን ሰው ዳግመኛ አየ። ማሽኑንም አየ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አጥብቆ ብቻውን በእግሩ ወረደ።

ፀጋዬ በትር ተደግፎ አጥሩ ሥር ጠበቀው። ጎንበስ ብለው በትከሻ ተሳሳሙ፤ ተላቅቀውም ደግመው ተሳሳሙ።

«ታቹ! መኪናህን እንደ ሰካራም ስትወዛወዝ አየኋት። ለመሆኑ ስትገዛት ምን ብለህ ጠየቅህ?»

«ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ ትወጣለች ብዬ ነዋ።»

ፀጋዬ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ እስኪያጎብጠው ድረስ ሳቀ። «አይ ቆለኛ! እኛ እኮ የምንጠይቀው ቁልቁለት ላይ ማን ይይዛታል ብለን ነው። ለእናንተ መውረድ ወደ ቤት መግባት ነው፤ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚፈራ የለም። ለእኛ ግን ከቤት መውጣት ነው።»

ወደ ዛፎቹ ሄዱ። መንገዱ አጭር ቢሆንም ፀጋዬ እየቆመ ተነፈሰ። ያ ግንድ ላይ ቆሞ ሲያንጎራጉር የሚውል ሰው አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አየር ያጥረዋል። አብዱልወሃብ ያላየ መስሎ ወደ ዛፉ ዞረ፤ ግንዱን ሊያቅፈው ቢሞክር እጆቹ አልተገናኙም።

«ሌላ ሰንጣቂ ጥራ» አለው ፊቱን ከግንዱ ሳያነሳ። «የልጅህ ቤት በእኔ ቃል አይቆይ።»

«ኤፍሬም ወጣት ነው፤ ይቆየዋል።»

«አንተስ?»

ፀጋዬ በትሩን ግንዱ ላይ አስደገፈ። «እኔ ጎምጅቻለሁ» አለ። «የጎመጀ ሰው ቶሎ አይሞትም ይባላል። በል ና፤ በጉን በአንተ ቢላ እንዲታረድ አቆይቼዋለሁ። ቢስሚላህ በልና አንተና ሾፌርህ ሥጋ ብሉ።»

መንደርተኛው ተሰብስቦ ቫኗንና ተሳቢውን በገመድ ወደ አስፋልቱ ሳበ። ወደ ቆላ የሚወርድ አንድ ከባድ መኪና ማሽኑን ከነተሳቢው ኋላው አስሮ፣ በከባድ ማርሽ እያዘገመ ሸዋ ሮቢት አደረሰው። አብዱልወሃብ ሳይውል ሳያድር ሷሊሕ ዘንድ ሄደና ነጯን ሰጥቶ ሰማያዊዋን ከነተሳቢዋ ለወጠ። ሊሞክራት ሲነሳ ባዶዋን አልነበረም፤ ማሽኑን ጭኖ ከጣርማ በር ቁልቁል ነበር። ስትወጣ እውነትም አህያ ሳትቀድማት አልቀረችም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሱፍዋን ተሳቢው መኖሩን እስኪረሳው ድረስ ያዘች።

«ዱአውን ለቁልቁለቱም ማስደረግ ነበረብን» አለ ሱፍዋን።

«አፍህን ያዝና መንገድህን እይ!» አለው አብዱልወሃብ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

በሳምንቱ ሊወጡ ሲሰናዱ ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ኤፍሬም ደውሎ፣ የጠጠሩ መንገድ በጭቃ መዋጡንና እስከ መስከረም የሚሞከር አለመሆኑን ነገራቸው። አብዱልወሃብ ማሽኑን ከተሳቢው ላይ አላወረደም። የሚመጣለትን ግንድ ሁሉ እዚያው ተሳቢው ላይ እንዳለ ይሰነጥቃል። ሠራተኞቹ አይመችም ብለው ቢያጉረመርሙ አልሰማቸውም። የሮቢ ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ ባየ ቁጥር፣ ይህ ውሃ ከየትኛው ማሳ፣ በማን ደጅ አልፎ እንደመጣ ያስባል። ቀና ሲል ተራራው በደመና ተሸፍኗል።

በሐምሌ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት መልስ ስልኩ ጮኸ።

«ላዩ! እንዴት ነህ?»

«አለሁ» አለ ፀጋዬ። ድምፁ ቀጥኗል። «ዛሬ ማውራቱ አቅቶኛል። አንተን ላስወራ ብዬም አይደለም። ዝም ብለህ ስማ።»

ከዚያ ድምፁ ራቀ። አብዱልወሃብ ሞተሩን አጥፉ ብሎ ለሠራተኞቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር መጣ፤ እየበረታ፣ እየሰፋ ሄደ። ዝናብና ነፋስ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነበሩ። ፀጋዬ ስልኩን በተዘረጋ እጁ ወደ ቅርንጫፎቹ ይዞ መቆሙን፣ እጁም መዛሉን አብዱልወሃብ ሳይነገረው አወቀ። ቢሆንም በቃህ ሊለው አልቻለም።

ዘምዘም ከቤት ወጥታ ምሳው ቀዘቀዘ ልትል መጣችና፣ በጠራራ ፀሐይ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው።

«ማነው?» አለችው በእጇ።

እሱም በእጁ መለሰላት፤ ቆይ አላት።