በቆሎው ገና አላለቀም

በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመታት ባለቤቴን ከፊቱ ይልቅ በድምፁ ነበር የማውቀው። ይደውላል፤ ከጀርባው የመኪና ሞተር፣ የሰው ጫጫታ፣ አንዳንዴም ዝናብ ይሰማል። «በላችሁ? ልጅቷ ተኛች?» ይለኛል። ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጥና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እቀራለሁ።

ሥራችን የከብትና የዶሮ መኖ ማምረት ነው። ኮልፌ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ የባለቤቴ አባት በጉብዝናቸው ወራት ያቋቋሙት ወፍጮ አለ። ከፊት ሱቁ፣ መሀል ላይ ማሽኑ፣ ከኋላ ደግሞ የምንኖርበት ቤት። ከቤታችን ጎን በቆሎ የሚከማችባቸው ሁለት የብረት ጎተራዎች ቆመው ነበር፤ ቁመታቸው ከጎረቤት ፎቅ ይበልጣል።

ባለቤቴ ገዢ ነው። በጅማ መንገድ ይወርዳል፣ በቆሎ ያሰባስባል፣ ያስጭናል፣ ይመጣል፣ ልብሱን ቀይሮ ተመልሶ ይሄዳል። እኔ ከማግባቴ በፊት አስኮ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ልጅ ስወልድ ማስተማሩን ተውኩና ሱቅ ገባሁ።

ባለቤቴን መንገድ የሚያስወጡት አባቱ ነበሩ። አባባ ጠዋት የጎተራውን መሰላል ይወጣሉ፣ ጣሪያው መሀል ላይ ያለውን ክዳን ከፍተው ቁልቁል ያያሉ። ጥልቅ ጨለማ ከታያቸው «አለቀ» ይላሉ። እሳቸው አለቀ ካሉ አለቀ ነው። ድሮ በቆሎ ጠፍቶ ወፍጮው የቆመበትን፣ ደንበኛ ሁሉ ወደ ሌላ ቤት የዞረበትን ጊዜ አይረሱትም፤ ጎተራው ሞልቶ ካላደረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ባለቤቴ ደግሞ አባቱን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ከባንክ ተበድሮም ቢሆን ይገዛል። በቆሎው ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ነቀዝ ሲበላው ወለዱ ደግሞ እኛን ይበላናል። እኔን የሚያብከነክነኝ ግን ወለዱ አልነበረም።

መስቀል ለእኛ ቤተሰብ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። የትም ያለ ሰው አገር ቤት ይገባል። አንድ ዓመት እሱ ለግዢ ሄዶ እኔና ልጄ ብቻችንን ገባን። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ክትፎው ሲቀርብ አንዷ አክስት ልጄን «አባትሽስ?» አለቻት። «አባዬ ስልክ ውስጥ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

በዓመቱ ልክ በዓሉ ሲቃረብ አባባ ከመሰላሉ ወረዱና እጃቸውን እያራገፉ «አለቀ» አሉ። ባለቤቴ ገብቶ ቦርሳውን ከቁም ሳጥኑ አወረደ። አዲሱ በቆሎ ገና አልደረሰም፤ በዚያ ሰሞን የሚገኘው የከረመ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

«ቆይ እስቲ፣ እኔ አንዴ ልየው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጎተራውን። ልብስ ሳሰጣ ሁልጊዜ እደገፈዋለሁ። ባዶ ነው የምትሉት ሳንኳኳው ድፍን ነው።»

«እሺ፣ አባባ የሚያዩትስ?»

«እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት።»

የሥራ ቱታ አጠለቅኩ። ከሱቁ ሲባጎ አመጣሁ፣ በየሜትሩ ቋጠርኩበት፣ ጫፉ ላይ የሚዛን ብረት አሰርኩ። መሰላሉን ሳጋምስ አባባ ከታች ደረሱብኝ።

«ልጄ! ምን ነካሽ? ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!»

«አይዞዎት አባባ፣ መጣሁ።»

በመሀሉ ክዳን ሲባጎውን ለቀቅኩት፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ወለሉ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አባባ እውነታቸውን ነው ማለት ነው። ጠርዝ ጠርዙን ግን ማንም የማይነካቸው ትንንሽ ክዳኖች ነበሩ። ብሎናቸው ዝጎ አልፈታልኝ ሲል ባለቤቴ መፍቻ ይዞ መጣ። አንዱን ከፈተልኝና ብረቱን ሰደድኩት። ወዲያው ቆመ።

«የሆነ ነገር ይዞት ነው» አለ። «ድገሚው።»

ደገምኩት። ዞረን በሌላው ጎን፣ በሌላውም ሞከርን። ያው ነው። በቆሎው የሚወጣው ከሥር በመሀል ስለሆነ መሀሉ ብቻ እየሰመጠ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል፤ ዳር ዳሩ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው። አዲስ ሲጨመርበት አዲሱ በመሀል ሾልኮ ቀድሞ ይወጣል፣ አሮጌው ባለበት ይቀራል። አባባ የሚያዩት ጉድጓዱን ነበር።

ባለቤቴ ሲባጎውን ከእኔ ጋር እንደያዘ ቀና አለ። ከዚያ ላይ እስከ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ይታያል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል። እጁ እጄ ላይ ነበር። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ተጠጋግተን አንድ ሥራ ሠርተን አናውቅም።

ሁለተኛውንም ጎተራ እንዲሁ ለካን። ወርጄ አንድ ሣጥን በቆሎ መዘንኩ፤ የሣጥኑን ይዘትና የጎተራዎቹን ስፋት ይዤ፣ በየቦታው ያገኘሁትን ጥልቀት አስልቼ፣ ያለን በቆሎ እስከ አዲሱ ምርት እንደሚያደርሰን ራት ላይ ተናገርኩ። አባባ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ።

«በሲባጎ ነው እንግዲህ ወፍጮ የምታሠሩት? ቢያልቅስ?»

«ካለቀ በእኔ ይሁን፣ አባባ» አለ ባለቤቴ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘንድሮ መስቀልን ከልጄ ጋር ነኝ።»

በማግስቱ የጎተራውን የጎን በር አስከፍተን ዳር የቆመውን በቆሎ ከውጭ በረጅም እንጨት እያስናድን ማውጣት ጀመርን። ብዙው ደህና ነበር። ከታች ግን ሻግቶ እንደ ድንጋይ የተጋገረ ወጣ፤ ለዶሮም አይሆንም። አባባ አንዱን ጓል አንስተው አገላበጡት።

«ቢጫው አይደል?» አሉ። ቢጫ በቆሎ የገዛነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። «ወባ ይዞህ የመጣህበት?»

«እሱ ነው» አለ ባለቤቴ።

አባባ ጓሉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት፤ እንደሚሰበር ዕቃ። ቤት ገብተው እስከ ማታ አልወጡም። ሲወጡ «ከእንግዲህ አንቺ ለኪው» ብቻ አሉኝ።

በቆሎው አዲሱ ምርት እስኪገባ አደረሰን። መስቀልን አብረን ዋልን። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሁለታችን ወጥተን እንለካለን፣ የምንገዛውም የሚያስፈልገንን ያህል፣ ያውም ዋጋው በሚረክስበት ወቅት ሆነ። ብድሩ ቀለለ። አንደኛው ጎተራ ትርፍ ሆኖ አገኘነውና አፍርሰን ሸጥነው፤ ቦታው ላይ ልጃችን ብስክሌት ተማረች።

ባለቤቴ ቤት መዋል ወዲያው አልሆነለትም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ ወደ በሩ ይዞራል።

«መንገዱ ይናፍቅሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«መንገዱስ ይቅርብኝ» አለ። «ሰዎቹ ናቸው።»

በሚቀጥለው ግዢ ይዞኝ ሄደ። ወልቂጤን አልፈን አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ምግብ ቤቱን የሚያሠሩት እናት ገና ሲያዩት እልል አሉ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በስልክ የምታወራት ይቺ ናት እንዴ?» አሉት። እጄን ይዘው ከቤቱ ኋላ ወሰዱኝና አንድ ግራር አሳዩኝ። «ኔትወርክ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው። ዝናብም ቢሆን እዚህ ነበር የሚቆመው።» ከግራሩ ሥር ቆሜ ያንን ሁሉ ዓመት ያዘንኩበትን ሰው አሰብኩት። ለካ እኔም ናፍቄው ነበር።

እንደዚያ ሆነን ጥቂት ዓመታት ኖርን። ጥቂት ናቸው፣ ግን ጠዋት ሲላጭ የሚያንጎራጉርባቸው፣ ልጃችንን ከትምህርት ቤት የሚያመጣባቸው ዓመታት ነበሩ። አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ወጥቶ ልቡ ቆመ። ሐኪም ቤት አልደረሰም።

አሁን ወፍጮውን የማሠራው እኔ ነኝ፤ ግዢም እኔው እወርዳለሁ። ጎተራው ጣሪያ ላይ የበቆሎውን ከፍታ እየለካ ስልኬ ላይ የሚያሳየኝ መሣሪያ አስገጥሜያለሁ፤ እስካሁን አልዋሸኝም። መሰላሉን ከወጣሁ ቆየሁ። ብቻዬን ያንን ጣሪያ መርገጥ አልቻልኩም።

አባባ አርጅተዋል። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትበርድ በር ላይ ወንበር አወጣላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ያውቃሉ፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይጠፋባቸዋል።

«ልጄ የት ሄደ?» ይሉኛል።

«ግዢ ወርዷል፣ አባባ።»

«በቆሎ አለ እኮ! ምን ሊያደርግ ሄደ?»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክልላቸውና አጠገባቸው ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ወደ አየር ጤና የሚሄዱት ታክሲዎች እየተጣሩ ያልፋሉ። እሳቸው መንገዱን ያያሉ፣ እኔም አያለሁ።