እስከ ወገቡ የተቀባው ቤት

ዛሬ፣ በዚህ በሐምሌ ጭቃ፣ የሠርግ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ካራ ሄጄ ልጄ ሰብለ ልትገዛው ያሰበችውን ቤት ላይላት ነበር። እኔ «ይሁን» ካልኩ ማታውኑ ቀብድ ትከፍላለች፤ ያላት ገንዘብ እሱው ነው። ደላላው በጠዋት ይምጡ ብሎ አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የተከበረ ሰው ልምሰል ብዬ ጫማ ስወለውል ረፈደብኝ።

ላምበረት

ታክሲው ውስጥ ወሬው ሁሉ የቤት ነበር። ሚሌኒየሙ ከገባ ወዲህ ያላበደ ዋጋ የለም። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አስፋልት ሊገባ ነው ስለተባለ ብቻ የጎረቤቱ ቤት በእጥፍ እንደተወደደ ነገረኝ። አስፋልቱን አይተኸዋል ወይ አልኩት። ዋጋውን አይቻለሁ አለኝ።

ካራ

ስወርድ ደላላው ፊቴን ሳይሆን እግሬን አየ። ትናንት ሁለት መቶ ሺህ ያለውን ቤት ጫማዬን አይቶ ሃያ ሺህ ጨመረበት። ገና በሩን ሳላይ ልጄን አስዘረፍኳት።

ዳገቱን ወጣን። ከላይ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ተመንጥሮ ተራራው እንደኔ መላጣ ሆኗል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ከጎኑ ቦይ አለ። ግድግዳው ከመሬት እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል። እኔ ቂሉ ቀለሙን አደነቅሁ። ደላላው ደግሞ ቦዩን እያሳየ፣ «ክረምት ክረምት የውሃ ድምፅ እየሰሙ ነው የሚተኙት፣ አባቴ። ይሄ ሌላ ሰፈር አይገኝም» አለኝ።

ድምፁንማ ሰማሁት። የከሰዓቱ ዝናብ ወረደ፤ ቦዩ ድንጋይ እያንከባለለ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ገባ። ለምን በጠዋት ይምጡ እንዳለ ያኔ ገባኝ። እሱ ስልክ የተደወለለት መስሎ ሄደ፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቀረሁ። ጎረቤቲቱ በክንዴ ጎትታ በረንዳዋ ላይ አወጣችኝ። አልማዝ ልበላት፤ ስሟ አይደለም። የሷም ግድግዳ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ነው። ቤቱን ለልጄ ላይ እንደመጣሁ ነገርኳትና፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቀለም ወደደ ወይ አልኳት።

«ውሃው የሚደርስበት ነው፣ አባባ። መስመሩ እንዳይታይ ነው የምንቀባው።» ቀጠለችና፣ «እኔም መስከረም ላይ ልሸጠው ነው። ለልጅዎ ብዬ እንጂ አልናገርም ነበር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ዛፉን የጨረሰው ሸጦ ሄዷል። ቦዩን መሬት ነው ብሎ የሸነሸነውም ሸጦ ሄዷል። ደላላው ከገዢም ከሻጭም ይበላል። ጎርፉን የሚረከበው መጨረሻ የገዛው ሞኝ ነው፤ ያ ሞኝ ደግሞ ዛሬ ማታ የኔ ልጅ ልትሆን ነበር። አልማዝንም ልቆጣት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ የላስቲክ ቦቲዋን እያወለቀችልኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተሳቀበት ትንሽ እግሬ ልክክ ብሎ ገባ። ጫማዬ እዚያው እንዲደርቅ ቀረ።

ቤት

ሰብለ ቀብዱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ስትጠብቀኝ ደረስኩ። እግሬን አየች።

«አባዬ፣ ጫማህስ?»

«ቤቱን አይቶ ቀረ» አልኳት።

ቦርሳዋን ዘጋችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። ቤት የሚታየው በሐምሌ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። የአልማዝ ቦቲ ደጃፌ ላይ ቆሟል፤ ነገ እመልሳለሁ። አሁን ግን የኔን የሠርግ ጫማ አድርጋ ከቤቷ ውሃ እየጠረገች ይሆናል።